የዘይነባ ቀይ እጆች

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ፣ እኔ በምኖርበት በባሕር ዳሩ ሹም አቦ ሰፈር አንድ ጎረቤታችን በድንገት አረፉ። ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊወስድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። የዕድር ሰዎች ድንኳኑን ተክለው ሲያበቁ ጥግ ይዘው ተማከሩና ወደኔ መጡ። «እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ያስተማሩ ነዎት። ልጁ ፈተናውን ይጨርስ ወይስ ይነገረው?» አሉኝ። «ይጨርስ» እንደምል እርግጠኞች ነበሩ። እኔ ግን «ዛሬውኑ ይነገረው፣ አባቱን ይቅበር» አልሁ። አንድ ሽማግሌ «አስተማሪ ሆነው እንዲህ ይላሉ?» ብለው ታዘቡኝ። ልጁ መጣ፣ አባቱን ቀበረ። ፈተናውን እንዴት እንዳደረገው አልሰማሁም። በሰው ለቅሶ ላይ የራሴን ታሪክ ዘርግቼ ማስረዳት ስላልሆነልኝ ያን ዕለት ዝም አልሁ፤ ምክንያቴ ግን ይህ ነው።

አባቴ የመንገድ ሥራ ፎርማን ስለነበሩ ከካምፕ ካምፕ ይዞሩ ነበር። እኔን ይዞ መዞር ሲያስቸግራቸው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ከነበረ አንድ አሮጌ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡኝ። ቤቱ ከእናቶቻችን ዕድሜ ይበልጣል ይባል ነበር፤ ልማዶቹንም ማን እንደጀመራቸው የሚያውቅ አልነበረም። የመኝታ ደወል ከተደወለ በኋላ ያወራች ልጅ በማግስቱ የሁሉንም ሳህን ታጥባለች። ቅዳሜ ልብስ የሚታጠበው ግቢው መሃል ካለው ወርካ ሥር ነው፤ ዝናብ ቢዘንብም ከወርካው ሥር ነው። ከሁሉ የሚከበረው ግን የአልጋ እህትነት ነበር። አልጋዎቹ ተደራራቢ ስለነበሩ፣ ላይና ታች የተመደቡ ሁለት ልጆች ከትምህርት ቤቱ እስኪወጡ የአልጋ እህትማማች ይባላሉ። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ታስታምማለች፤ ሳሙናም ሐሜትም የጋራ ነው።

የኔ የአልጋ እህት ዘይነባ ነበረች፤ የጎርጎራ ልጅ፣ የጀልባ ሠሪ ልጅ። በአንድ ክፍል ትበልጠኝ ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ከማንም ጋር ተጣልታ ሳትታረቅ የማትተኛ ልጅ ነበረች። እኔ ቂመኛ ስለነበርሁ ይህ ጠባይዋ በጣም ያናድደኝ ነበር።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ፣ ማትሪክ ባበቃበት ዕለት ከሰዓት በኋላ እጅና እግሯን እንሶስላ ትቀባለች። የምትቀባት የአልጋ እህቷ ናት፤ ሌላ ሰው አይነካትም። ሥሩን ከገበያ ገዝተን እንወቅጠዋለን፣ ሎሚ ጠብ እናደርግበታለን፣ ከተቀባች በኋላ እጇን በጉሎ ቅጠል ጠቅልለን በክር እናስረዋለን። እጇ ስለታሰረ የዚያን ዕለት እራቷን የምታጎርሳት የአልጋ እህቷ ናት። እራቱ ሁልጊዜ የጣና ዓሣ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ የሚበላው እሱን ነዋ። በማግስቱ ቀይ እጇን ይዛ ከተማ ስትወጣ ያየ ሁሉ «ይቺ ጨረሰች» ይላል። ለዚያች ቀን ስንል ስንት ዓመት ሽሮ በላን!

የዘይነባ ማትሪክ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የአዳሪዎቹ ኃላፊ እትዬ ጥሩነሽ ከክፍል አስጠሩኝ። ቢሯቸው ስገባ በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«የዘይነባ እናት አርፈዋል» አሉኝ። «ከጎርጎራ ተደውሎ ነው። ተቀብረዋል።»

ሳይፈቀድልኝ ተቀመጥሁ።

«አባቷ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከቤቷ ስትገባ እኛው እንነግራታለን ብለዋል። አንች የአልጋ እህቷ ነሽ። ከአገሯ የመጣ ሰው እንዳያገኛት ጠብቂያት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማይልኝ!»

«እሽ፣ እትዬ።»

«በእናትሽ ማይ።»

በእናቴ ማልሁ።

በአገራችን መርዶ እንዲሁ አይነገርም። በማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ከኋላው ቆሞ ነው። ይህን ጥበብ አልንቅም፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰበር የታሰበ ነው። እኛ ግን ጥበቡን ወስደን የፈተና ዘበኛ አደረግነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጠገቧ አልጠፋሁም። «ምነው የሺ፣ እንደ መዥገር ተጣበቅሽብኝ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከፈተና ስትመለስ ደብተሯን እቀበላለሁ፣ ልብሷን አጥባለሁ። እሷ ታች አልጋ ላይ ተኝታ ስለ እናቷ ታወራለች፤ ክረምቱን አብረው ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚበሉ። እኔ ላይ ሆኜ ብርድ ልብሱን እነክሳለሁ። ሆድ ይፍጀው አልሁ። ደግሞም ፈጀው።

የመጨረሻው ፈተና እንዳለቀ እየሮጠች መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። ወደ እትዬ ጥሩነሽ ሄድሁ። «እንሶስላውንስ ምን ላድርግ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ይህን አላሰቡትም ነበር፤ «ካልተቀባች ትጠረጥራለች፤ ቀቢያት» አሉኝ።

«አወፍሪልኝ» አለችኝ ዘይነባ፣ ከወርካው ሥር እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ። «ጎርጎራ ሳልደርስ እንዳይደበዝዝ። እምየ ትየው። ስትጨርሽ ቀይ እጅሽን አሳይኝ ብላ ነው የሸኘችኝ።»

እንሶስላው አለቀ ልላት እችል ነበር። እጄን አሞኛል ልላትም እችል ነበር። ቀባኋት። በዕድሜዬ ያን ያህል ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ጥፍሮቿ እስኪሸፈኑ። ቅጠሉን ሳስር እንባዬ ጠብ ሲል አይታ፣ «አይዞሽ፣ አንችም ለከርሞ ትጨርሻለሽ» ብላ አጽናናችኝ።

በእራት ሰዓት አጥንቱን እየለቀምሁ ዓሣውን አጎረስኋት። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ እምቢ ሲል ለምነው እንደሚያጎርሱት መስሎ ታየኝ፤ እሷ ግን እየሳቀች አፏን ትከፍታለች። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ እጄ ቆመ።

«ዘይነባ» አልሁ።

«ወይ?»

አየችኝ። ሰው ሁሉ እየበላ፣ እየጮኸ፣ እየሳቀ ነበር።

«ምንም። አጥንት እንዳይኖረው ልየው ብዬ ነው።»

ጎረሰችው።

የጎርጎራው ጀልባ የሚነሳው በማግስቱ ማለዳ ነበር። እንደ ልማዳችን እስከ ወደቡ እልል እያልን ሸኘናት። እኔም እልል አልሁ። ጀልባው ከዳር ሲርቅ ሁለቱንም እጆቿን ከራሷ በላይ አንስታ ታወዛውዝልን ነበር። ገና በደንብ ስላልነጋ ውሃው ሽበት መስሎ ነበርና ከሩቅ የሚታየው ቀዩ ብቻ ነበር።

መስከረም ላይ ውጤቷን ልትወስድ መጣች። አልፋ ነበር። ከስታለች፤ ሻርፗን እስከ ጣቷ ድረስ አውርዳዋለች። ቀለሙ ከቆዳዋ ለቆ በጥፍሯ ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቷል። ከሐይቁ ዳር ተቀመጥንና ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«ከጀልባው ስወርድ አክስቶቸ ቆመው አየሁ። ሊቀበሉኝ የመጡ መስሎኝ፣ እዩት ብየ እጄን ዘረጋሁላቸው። ታላቋ አክስቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘችው። ያን ጊዜ ገባኝ። በአመድም ፈተግሁት፣ በአሸዋም ፈተግሁት፤ ወላሂ እስኪደማ ነው የፈተግሁት። አልለቅ አለኝ። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ያይብኛል ብየ ከሻርፕ ውስጥ አላወጣሁትም። እንባየን እንኳ በእጄ አልጠረግሁም።»

ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «የሺ፣ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አልሁ።

አንገቴን አቀፈችኝ። «አውቃለሁ! ትምህርት ቤቱ እኮ ሰምቷል ሲሉኝ፣ የሺ አልሰማችም፣ ብትሰማ ኖሮ አትቀባኝም ብየ ከዘመዶቸ ጋር ተጣላሁ።»

ዘይነባ ዛሬ ጎንደር ናት፤ የልጅ ልጆች አይታለች። በየዒዱ እደውልላታለሁ፣ በየፋሲካው ትደውልልኛለች። ሁለት ሴት ልጆቿን ስትድር «እንሶስላውን አንች ነሽ የምትቀቢልኝ» ብላ ለመነችኝ። ሁለቱንም ጊዜ አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ ምንም አላመመኝም ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ከሞቱ ቆይተዋል፣ የዘይነባ አባትም እንዲሁ። በዚያ ቢሮ ውስጥ የተባለውን የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ዝም ማለቴን በልጅነቴ አሳብብ ይሆናል፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ምያለሁ፣ ታላላቆቼ አዘውኛል። «አላውቅም ነበር» እንድል ግን ማንም አላዘዘኝም።

ሞት ተራ የለውም እንጂ፣ ስኳሬንና ደም ግፊቴን ሳየው ቀድሜ የምሄደው እኔ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ዘይነባ ከጎንደር ትመጣለች፤ ከለቀስተኛው መሃል ቁማ፣ እህቴ አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም ብላ ታለቅስልኛለች። ከዚያ በፊት ልነግራት ይገባኛል። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ግን የምጠይቃት የልጆቿን ጤና ነው።