አምስቱ ቋጠሮዎች

ከጦሩ ተቀንሼ ወደ ከሚሴ ስመለስ የማውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ መተኮስና ተኩስ ማስተማር። ሁለት ዓመት ያህል ሲሚንቶ እያራገፍኩ፣ ድንጋይ እየጫንኩ ኖርኩ። ከዚያ የወረዳው ሰዎች የቀበሌ ሚሊሻ እንዳሠለጥን ጠሩኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ ይህን አልክድም። እንደገና «አስር አለቃ» ተብዬ መጠራት ናፍቆኝ ነበር።

ሥልጠናው ከከተማው ወጣ ብሎ ከኮረብታ ሥር ባለ ድንጋያማ ሜዳ ላይ ነበር። ሠላሳ የሚሆኑ ገበሬዎች መጡ፤ አብዛኞቹ ከከተማው በታች ያለው የጨፋ ሜዳ ሰዎች ናቸው። ያን ዓመት የከብት ሌባ በርትቶ ነበር። ሰው በሬውን አስሮ ያድራል፤ ሲነጋ ገመዱ ተቆርጦ፣ ዱካው ወደ ቆላ ሲወርድ ያገኘዋል።

ከሠልጣኞቹ አንዱ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ገበሬ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ መጀመሪያ «አንቱ» አልኩት። ሠልጣኙ ሁሉ ሲስቅብን ተውኩት። አንድ በሬ ነበረው። ጎረቤቱም አንድ በሬ ስለነበረው ሁለቱን እያቀናጁ፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን እያሉ ለብዙ ዓመት አብረው አርሰዋል። ያ ጎረቤቱ በየሁለት ቀኑ ምሳ ይዞለት ይመጣና ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ተኩሱን ያያል። ትልቅ ሳቅ ያለው፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ ሰው ነበር።

«አስር አለቃ፣ በከንቱ አትድከም» ይለኛል። «ይሄ ሰውዬ ዕርፍ እንኳ ቀጥ አድርጎ አይዝም!»

ገበሬው አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል።

እውነትም ተኩሱ አልያዝለት አለ። የመጀመሪያዋ ጥይት መሃል ትገባለች፤ ሁለተኛዋ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ሦስተኛዋ የዒላማውን ወረቀት እንኳ አትነካም። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ዓይኑም ደህና ነው። ችግሩ አንዷን ጥይት እንደተኮሰ ሌላዋን በዚያው መልክ አለመድገሙ ነበር። እኔን ያሠለጠነኝ ሃምሳ አለቃ አምስት ቃላት እንደ መዝሙር ያስጮኸን ነበር፤ ክርን፣ ሰደፍ፣ ጉንጭ፣ ትንፋሽ፣ ጣት። ክርንህን መሬት ትከል፤ ሰደፉን ትከሻህ ላይ አስጠጋ፤ ጉንጭህን እንጨቱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አሳርፍ፤ ትንፋሽህን ግማሹን አውጥተህ ያዝ፤ ቃታውን በጣትህ ቀስ ብለህ ሳብ። ይህንኑ ለእሱም አስተማርኩት። ቃላቱን ቆሞ ሲጠራ አንዷን አይስትም። ተኝቶ ሲተኩስ ግን ይዘላል።

«አሁን የትኛዋን ረሳህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ወላሂ አላውቅም፣ አስር አለቃ። የተኩሱ ድምፅ ሁሉንም ይዞብኝ ይሄዳል።»

ከማዳበሪያ ከረጢት አፍ ላይ ሲባጎ መዘዝኩና አምስት ቦታ ቋጠርኩት። ግራ እጁ በሚይዘው በጠመንጃው እንጨት ላይ፣ አውራ ጣቱ በምታርፍበት በኩል ርዝመቱን ዘርግቼ አሰርኩለት። «አንድ ነገር ስታደርግ አንድ ቋጠሮ እለፍ። አምስተኛው ሳትደርስ አትተኩስ» አልኩት።

በጣቱ ዳሰሰውና «እንደ መስበሃ፣ እንደ ዱዓ መቁጠሪያ ነው» አለ።

ሌላ ሲባጎ ቋጥሮ ወደ ቤቱም ወሰደ። በሳምንቱ ጎረቤቱ መጥቶ «ምን አድርገኸው ነው? እየበላን እንኳ ጣቱ ትቆጥራለች» ብሎ ሳቀብኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ ገበሬው የተኮሳቸውን አምስት ጥይቶች በሲኒ መክደን ይቻል ነበር። ወረቀቱን ይዤ ለወረዳው ኃላፊ አሳየሁ። ከመጡት ክላሾች ደህናውን ለእሱ አሰጠሁት። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እያፏጨሁ ነበር።

የማሽላው ዛላ ሲደርቅ ከአንድ መንደር በአንድ ሳምንት ሦስት በሬ ጠፋ። ሚሊሻዎቹ ከወንዙ ዳር ያለውን መንገድ ጎህ ሲቀድ እንዲጠብቁ ታዘዙ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ገበያ ስወጣ አንድ ሰው አስቆመኝና «ያሠለጠንከው ሰውዬ ሰው ገደለ» አለኝ። ሌባ መስሎኝ «ጎበዝ!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሰውየው ፊቱን አዞረ።

ገበሬውን ጤና ጣቢያው በር ላይ መሬት ተቀምጦ አገኘሁት። ጋቢው በደም ተነክሯል። አጠገቡ ፖሊስ ቆሟል። የመታው ያንን ጎረቤቱን ነበር፤ ከማሽላው መሃል በጀርባው ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ አምጥቶት፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አሳፍሯቸው፣ ከሚሴ ሳይደርሱ እጁ ላይ ሞቶበታል። ፖሊሱ እንዳናግረው ሲፈቅድልኝ የሆነውን ነገረኝ።

ያን ጠዋት ከቦርከና ወንዝ የተነሳ ጭጋግ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። የጎረቤቱ በሬ ገመዱን በጥሶ አድሮ ኖሮ፣ ጎረቤቱ ሱብሂ ሰግዶ ሊፈልገው ወጥቷል። አግኝቶት ብርዱን ፈርቶ ጋቢውን ተከናንቦ እየጎተተ ይመለሳል። ገበሬው ያየው ፊቱን የሸፈነ ረጅም ሰው በሬ ይዞ በወንዙ በኩል ሲሄድ ነው።

«አልተናደድኩም» አለኝ። «አልፈራሁምም። ክርኔን ተከልኩ። ሰደፉን፣ ጉንጬን … አምስቱንም አድርጌያለሁ፣ አስር አለቃ። አንዷንም አልዘለልኩም።»

ግራ አውራ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ትንቀሳቀስ ነበር። የሚያውቅ አይመስለኝም።

«በሬውን ያወቅኩት እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። ቆሞ ሲያሸተው።» ከዚያ በኦሮምኛ ለራሱ የሚናገር ያህል «ኤኙ ህን ጄኔ» አለ፤ ማነህ አላልኩም ማለቱ ነው። «ማነህ ማለት ከአምስቱ ውስጥ አልነበረም።»

እየወቀሰኝ አልነበረም። እንደ ተማሪ የጎደለውን ማስረዳቱ ነበር። እኔ በተማርኩበት ምሽግ ውስጥ ማነህ አይባልም፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ያንኑ ትምህርት አንዲት ነገር ሳልለውጥ ጎረቤት ከጎረቤት ወደሚተላለፍበት ማሽላ አምጥቼ አስተምሬው ነበር።

መርማሪው በማግስቱ ጠራኝ። «ከመተኮሳቸው በፊት ድምፅ እንዲያሰሙ አስተምረሃል?»

«አዎ» አልኩ። «በመጀመሪያው ቀን ተናግሬያለሁ።»

ውሸት አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ከወረዳው የተሰጠኝን ደንብ ሳነብ፣ ስለ መሣሪያ ርክክብና ስለ ሰዓት አከባበር ከሚያወሩት መስመሮች መሃል አንዱ እሱ ነበር። ግማሾቹ አማርኛውን በደንብ አይሰሙም ነበር፤ እኔም አላስረዳኋቸውም። አንድ ጊዜ አንብቤ አለፍኩት። ለመርማሪው ይህን አልነገርኩትም። ፈረምኩና ወጣሁ።

ቃሌ ፍርድ ቤት ተነበበ። ገበሬው የተነገረውን መመሪያ ችላ ብሎ ተኩሷል ተብሎ እስራት ተፈረደበት። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር፤ ዞር ብሎም አላየኝ። የሁለቱን ቤተሰቦች አባጋሮች፣ ደም የሚያደርቁ የአገር ሽማግሌዎች፣ ገብተው አስታረቁ። የአንዱ ልጆች የሌላውን ልጆች እንዳይነኩ ተማማሉ። ዕርቁ ላይ እንድገኝ የጠራኝ የለም፤ እኔም ሳልጠራ አልሄድኩም። የሟቹ ሚስት እርጉዝ እንደነበረች የሰማሁት በኋላ ነው።

ከዓመታት በኋላ ገበሬው ከእስር ሲፈታ ሰማሁና አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጨፋ ወረድኩ። ቤቱ በራፍ ላይ ገመድ ሲገምድ አገኘሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። አብሽር፣ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ ተባባልን። ከዚያ ለመርማሪው ያልኩትን፣ ያላልኩትንም ነገርኩት። «አንቱ» እያልኩ ነበር የነገርኩት፤ ከአፌ እንዲያ ሆኖ ወጣ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሲነበብ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? አንድ ቀን ብቻ ነው ያነበበልን፣ አላስረዳንም ቢሉ እኮ…»

«እሱን ያስነሳው ነበር?»

ይቅር በሉኝ ልለው ነበር የሄድኩት፤ ሳልለው ቀረሁ። ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ ከወፍጮ ቤት ሳትመለስ ብሄድ እንደሚሻል ነገረኝ፤ እሷ ስሜ ሲነሳ አትወድም። እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። መኪና እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ቆምን። ሚኒባሱ ሲቆም «ፊ አማኒላህ፤ አላህ ይጠብቅህ» ብሎኝ ተመለሰ።

የማሠልጠኑን ሥራ ትቼዋለሁ። አሁን የእህል መጋዘን እጠብቃለሁ፤ መሣሪያ ያዝ ቢሉኝ እምቢ ብዬ ዱላ ነው የምይዘው። እሱ መሬቱን ለልጁ ትቶ፣ ባቲ አካባቢ ወደተዳረች ሴት ልጁ ሄዷል አሉኝ። ባቲ ሩቅ አይደለም፤ በየሳምንቱ ገበያ ከዚህ መኪና ይወጣል። እስካሁን ግን አልሄድኩም።