የጋሽ ተክሌን ዓሦች የገደልኩ እኔ ነኝ

ይህን ታሪክ አንድ ጊዜ በግጥም ዋሽቼ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አንብቤዋለሁ። ተጨብጭቦልኛል። እውነቱን ግን እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም፤ ለጓደኛም ለነፍስ አባትም አልተናገርኩም። አሁን ለማታውቀኝ ለአንተ እናገራለሁ። ልብህን ላራራ ብዬ አይደለም። ለራሴ ያለኝ ንቀት ብቻዬን የምሸከመው አልሆን ብሎኝ ነው።

ጋሽ ተክሌ አከራዬ ነበሩ። ከቃሊቲ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው፤ እኔ ግቢው ጫፍ ያለችውን ሰርቪስ ተከራይቼ እኖር ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው በሞቱ ዓመት አንዲት ልጃቸው ሮማን፣ ቤቱ ጭር እንዳይልባቸው ብላ፣ ሁለት ወርቃማ ዓሦች ከነመስታወት ገንዳቸው ገዝታ አመጣችላቸው። ትልቁን እንደ ሠራተኛ አለቃ «ካቦ» አሉት፤ ምግብ ሲመጣ ሌላውን ገፍቶ ስለሚቀድም። ትንሹን «ወዛደር» አሉት።

እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ መጋዘን ውስጥ ጭነት አወርዳለሁ፣ ያገኘሁትን አሮጌ መጽሐፍ አነባለሁ፣ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም የሚጽፍ ሰው ከሌላው አሻግሮ ያያል ብዬ አምን ነበር። ምን አየሁ? የሰው ሞኝነት ብቻ። በየሆቴሉ መግቢያ በቀይ አምፖል ሥር ዓሣ የሚያስጎበኙትን እንቅ ነበር። አንዲት ዓሣ ኩባያ በምታክል ጠርሙስ ውስጥ ዘግተው ቴሌቪዥን አጠገብ የሚያስቀምጡትን እንቅ ነበር። እንግዳ ሆነው መጥተው ዳቦ ፈርፍረው የሚጥሉትን፣ ከዚያም «በላ! በላ!» እያሉ የሚያጨበጭቡትን እንቅ ነበር። ከሁሉም አብልጬ ግን ጋሽ ተክሌን እንቅ ነበር።

ለምን? ስለሚጠነቀቁ። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ከመጣ። በመጣ ቀን ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ይራወጣል። እሳቸው ግን አንድ ሰማያዊ በርሜል ለዓሦቹ ብቻ ሞልተው፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነው፣ ሁለት ቀን ያስቀምጡታል። ከዚያ በርሜል ማንም አይቀዳም።

«ይረፍ» ይላሉ። «ከቧንቧ እንደወጣ መድኃኒት አለበት። ለእኔና ለአንተ ጤና ነው፤ ለእነሱ እሳት ነው።»

በሳምንት አንድ ቀን ከገንዳው ሲሶውን ብቻ ቀንሰው ካረፈው ውሃ ይተኩበታል። ሙሉውን ቀይረውት አያውቁም። ሳሙና የነካ እጅ ወደ ገንዳው አያስጠጉም። ምግቡን በሦስት ጣት ቆንጥረው ጠዋት አንዴ ብቻ ይሰጣሉ፤ ተርፎ ከታች ከተኛ በማግስቱ ይቀንሳሉ። መብራት ጠፍቶ የገንዳው አየር መንፊያ ሲቆም ደግሞ ወንበራቸውን ስበው ይቀመጡና ውሃውን በጣሳ እየቀዱ፣ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል። አየር እንዲገባው ነው። መብራቱ እስኪመጣ እንዲሁ ይውላሉ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ዓሣ እኮ ነው!» እላቸዋለሁ።

«አንተ ገጣሚው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሰድበህ መጣህ?» ይሉኝና ጣሳቸውን ያነሳሉ።

ሮማን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን አባቷ ቡታጋዝ ሳያጠፉ ወጥተው ድስት አርሮ ከጠበቃት ወዲህ፣ ከእኔ ጋር ካልኖርክ እያለች ትጨቀጭቃቸው ነበር። እሳቸው እምቢ አሉ። ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ሲደረጉ ግን ተስማሙ፤ አንድ ወር ታያቸዋለች። በዚያ ወር አንድ ነገር ረስተው ከተገኙ ቤቱን አከራይተው ወደ እሷ ይሄዳሉ፤ ካልረሱ ዳግመኛ ነገሩን አታነሳም።

«እነዚህን አንድ ቀን ረስቻቸው አውቃለሁ?» አሏት ወደ ዓሦቹ እያሳዩ።

«አታውቅም አባዬ» አለች።

በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። አላወቅሁም ማለት አልችልም። ዓሦቹ ለእሳቸው ምን እንደሆኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ በደንብ አውቅ ነበር።

ሐኪሙ እንዳያጎነብሱና ከባድ እንዳያነሱ ስለከለከላቸው ውሃ መቀየሩን ለእኔ ሰጡኝ። ምግቡን ራሳቸው ይሰጣሉ፤ የእኔ ሥራ ሲሶውን ቀንሶ ካረፈው መተካት ብቻ። ይሄ ከባድ ነው? ጭነት ለሚያወርድ ጎረምሳ ይሄ ሥራ ነው?

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግጥም የማነብበት መድረክ አገኘሁ። ያለኝ ነጭ ሸሚዝ አንድ ነው፤ እሱም ቆሽሿል። ውሃ ከጠፋ አምስት ቀን ሆኖት ነበር። አርብ ዕለት ጋሽ ተክሌ ተኝተው ሳለ በሰማያዊው በርሜል ግርጌ ከቀረችው ውሃ ቀድቼ ሸሚዜን አጠብኩ። አንዴ አለቅልቄ አልበቃኝ ሲል ደገምኩ። የቀረውን ጭቃ በነካው ጫማዬ ላይ ደፋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃ መጣ። ከብዙ ቀን በኋላ ሲመጣ እንደሚሆነው ነጭ ሆኖ፣ በረኪና በረኪና እየሸተተ ነው የመጣው። ዓሦቹን ሳፋ ውስጥ ጨመርኳቸው፣ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ደፋሁት፣ ጎማውን ከቧንቧው ስቤ እስከ አፉ ሞላሁት፤ ዓሦቹን መልሼ የሳፋውንም ውሃ ደፋሁት። ሲሶ መቀነስ ጊዜ ይፈጃል፤ ያረፈ ውሃ ደግሞ የለም። ሌላ ሁለት ቀን መጠበቅ እችል ነበር። ጋሽ ተክሌን «በርሜሉን ጨርሼዋለሁ» ብላቸው ተቆጥተውኝ ያልፍ ነበር። አላልኩም።

«ካረፈው ነው የቀዳኸው አይደል?» አሉኝ፣ ዓይናቸው ላይ ጠብታ ተደርጎላቸው በጀርባቸው ከተኙበት ክፍል።

«ካረፈው ነው ጋሽ ተክሌ።»

ሸሚዜን ተኩሼ ስመለስ ካቦ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ወዛደር ከታች በጎኑ ተኝቷል። ማውጣት እችል ነበር? ወዴት? በግቢው ሁሉ ያረፈ ውሃ ጠብታ አልቀረም፤ ሸሚዜ ላይ ነው። ቆሜ አየሁ። የማየት ችሎታ አለኝ አላልኩህም? እስኪሞቱ ድረስ ቆሜ አየሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ የውጭው በር ተንኳኳ። ሮማን ናት፤ ምሳ ይዛ መጥታለች። የምግቡ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ነበር። ከፈትኩና ግማሹን ገንዳው ውስጥ ደፋሁት። ደንግጬ ነው ብልህ ዋሸሁህ፤ የደነገጠ ሰው ክዳኑን በጥንቃቄ መልሶ አይገጥምም። እኔ ገጥሜያለሁ። ከዚያ ነው በሩን የከፈትኩላት።

«ውይ! ምን ሆነው ነው?»

«እኔ እንጃ ሮማን፣ ምግብ በዝቶባቸው ይመስለኛል። ጋሽ ተክሌ ጠዋት ሰጥተዋቸው ነበር፤ ከዚያ ደግሞ…»

አልጨረስኩትም። የት ማቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው።

ጋሽ ተክሌ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ ግድግዳውን ይዘው መጡ። «እኔ ጠዋት አንዴ ነው የሰጠሁት» አሉ። ሮማን ጠርሙሱን አነሳችና አሳየቻቸው። «አባዬ፣ ይሄን እኮ ከትናንት ወዲያ ሙሉውን ነው ያመጣሁልህ።»

እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። የራሰውን ምግብ በጣታቸው አሹት። ጎንበስ ብለው ቢያሸቱ ኖሮ ያልቅልኝ ነበር፤ ቀረብ ብሎ ላሸተተው በረኪናው ገና ይታወቅ ነበር። ግን እንዳያጎነብሱ ተከልክለዋል። ቀና ብለው በአንድ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ስሰጣቸው አይተኸኛል?»

«አዎ» አልኩ። «ሁለቴ አየሁዎት።»

ሁለቴ አየሁዎት አልኩ። ዓሣ ገደልኩ ብቻ ብል ይህን ሁሉ ወረቀት ባላበላሸሁ። ሁለቴ አየሁዎት አልኩ፤ ሰውየው ስለ ራሳቸው የሚያውቁትን በእኔ ቃል ለወጡት። አልተከራከሩም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ገልብጠው ያዩ ነበር። በዚያው ከሰዓት እኔ ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ስለ እውነት ግጥም አነበብኩ።

ወሩ ሳይሞላ ዕቃቸው ተጫነ። እኔም ሌላ ቤት ተከራየሁ። ቆይቼ ስለ አንድ ፍቅሩ ስለበዛ፣ ደጋግሞ እየመገበ ዓሦቹን ስለገደለ ሽማግሌ ግጥም ጻፍኩ። ሰው አለቀሰ። «ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው!» አሉኝ። ስም ያገኘሁት በዚያ ግጥም ነው። ያለቀሱትንም ናቅኋቸው፤ በረኪና ሲሸታቸው ሽቶ የሚሉ ሰዎች። እኔ ግን ከእነሱ የባስኩ ነበርኩ፤ ጭብጨባው እስኪያልቅ ከመድረኩ አልወረድኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። ሮማን ሻይ አቀረበች። ጋሽ ተክሌ ማንኪያውን በእጃቸው እንደያዙ አመነቱ።

«ሮማን፣ ስኳር ጨምሬያለሁ?»

«አልጨመርክም አባዬ።»

አንድ ማንኪያ ጨመሩ፣ አማሰሉ። «አሁንስ ጨመርኩ?»

በፋብሪካው ከዚያ ሁሉ የሚጮህ ማሽን መሃል የቱ ላይ ክር እንደተበጠሰ በጆሮ የሚለዩ ሰው ነበሩ። በሽታ የለባቸውም፤ ሮማን ሐኪም ቤት ወስዳቸው ምንም አልተገኘም። ራሳቸውን ማመን ነው የተዉት። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

«ጋሽ ተክሌ፣ ዓሦቹን የገደልኩ እኔ ነኝ። ከቧንቧ ነው የቀዳሁት። ምግቡንም የደፋሁት እኔ ነኝ። እርስዎ አልረሱም።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ፤ በፍቅር ነው የሳቁት።

«አይ ገጣሚው! ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣኸው ልታጽናናኝ ነው?»

«እውነቴን ነው የምነግርዎት።»

«ተው ልጄ። የራሴን ድካም እኔ አላውቀውም? ያኔ አየሁዎት ያልከኝ አንተው አይደለህ?» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው «አየሽ፣ ለእኔ ብሎ ጥፋቱን ሊሸከም!»

ሮማን ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ተባረክ» አለችኝ።

በርሜሉን፣ ሸሚዙን፣ የውሃውን ሽታ አንድ በአንድ ብዘረዝር ያምኑኝ ነበር። አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ጋሽ ተክሌ ግን ከመቀመጫቸው ተነስተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ከክፉ ይሰውርህ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ደግነትህን አያጉድልብህ።»

«አሜን» አልኩ።

ልማድ ነው፣ ሲመርቁት አሜን የማይል የለም እንዳትለኝ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ፣ እጃቸው እንዲቆይ ብዬ ነው አሜን ያልኩት። ምርቃቱን ፈልጌው ነው። ከዚያ ደረጃውን ወርጄ ታክሲ ያዝኩ፤ ዳግመኛም አልሄድኩም።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ጥፋቱ የራሳቸው ነው ብለው ይኖራሉ፤ ከሰፈር ሰው እንደምሰማው ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ዛሬም ሻያቸውን በልጃቸው ምስክርነት ይጠጣሉ። አድራሻቸውን አውቀዋለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ ለአንተ የምጽፈው እዚያ ላለመሄድ ነው።