ድልድይ ያላት ደሴት

ልጄ ሲደውል ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ የልብስ ማድረቂያው እስኪጮህ እየጠበቅኩ፣ በአንድ ጆሮዬ ደግሞ ሥራ ገብቼ ያመለጠኝን የእሁድ ስብከት እየሰማሁ ነበር። እሱ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ። በመካከላችን ያለው ቤልትዌይ የሚሉት የከተማ ዙሪያ አውራ ጎዳና ብቻ ነው፤ ትራፊኩን ላየ ሰው ግን ሁለት አገር ነው። እኔ በአማርኛ አወራዋለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። እዚህ ወደ አማርኛ የመለስኩለት እኔ ነኝ፤ አፉን ግን ጨርሼ አልቀየርኩበትም።

«ማም፣ በሚቀጥለው ወር አንድ ዊኬንድ ኦፍ ውሰጂ» አለኝ። «ካያክ፣ የምትቀዘፈዋን ጠባብ ጀልባ፣ ይዘን ሄደን ደሴት ላይ ድንኳን ተክለን ካምፕ እናደርጋለን። አይላንዱን አንቺ ፒክ አድርጊ።»

«ከማን ጋር?»

«ጀስት አስ። እኔና አንቺ ብቻ። ስልክ አንይዝም። ምግቡን ለኔ ተዪው፣ ደህና አድርጌ ነው የማበላሽ።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ለምን እንደደነገጥኩ ላይገባው ይችላል፤ ያገሬ ሰው ግን ከኔ ቀድሞ ደርሶበታል። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰውየውን በሰበብ ከሥራው ያስፈቅዱታል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግረው ስልኩን በዘዴ ይወስዱበታል፤ በኋላ እህል አፉ እንደማይገባ ስለሚያውቁ በደንብ ያበሉታል። ከዚያ ነው የሚነግሩት። እኔ ራሴ ስንቱን አርድቻለሁ! አስፐን ሂል ለምትኖር አንዲት የቸርች እህት የወንድሟን ሞት የነገርናት ጊዜ «ፎቶ ላንሳበት» ብዬ ስልኳን የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ልጄ ይኼን ሁሉ ከየት ተማረው? ሥራ ተዪ፣ ስልክ አትያዢ፣ አበላሻለሁ። የቀረው ነጠላ ማዘጋጀት ብቻ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በማግስቱ ማለዳ፣ አዲስ አበባ የምሳ ሰዓት ሲሆን፣ ለእህቴ ደወልኩ።

«እማዬስ?»

«ደህና ናት። ተኝታለች።»

«በምሳ ሰዓት?»

«ያረጀ ሰው በምሳ ሰዓት አይተኛም? ምን ሆነሻል?»

«ቀስቅሽልኝና በቪዲዮ አሳዪኝ።»

እህቴ እያጉረመረመች ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። እናቴ ሻሿ ወደ አንድ ጎን ዞሮ፣ ዓይኗን እያሸች ብቅ አለችና «ከሳሽ እኮ» አለችኝ። እሷ በሕይወት አለች። ወንድሞቼም አሉ። አክስቴም አለች፤ ለምን እንደማልደውልላት ወቅሳኝ ዘጋች። በመጨረሻ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ለልጁ አባት ደወልኩ። ዳላስ ነው የሚኖረው፤ ከተለያየን ወዲህ የምናወራው ለልጁ ልደትና ለምርቃቱ ብቻ ነው። «ካያክ? አንቺ? ውሃ ላይ?» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እንዲህ የሚስቅ ሰው መርዶ አልደበቀም።

ሁሉም ሰው ካለ የቀረው ልጄ ራሱ ነው። እንግዲያው አሞታል ማለት ነው።

ነርስ መሆን ለእናት እርግማን ነው። ሌላዋ እናት «አሞት ይሆን?» ብላ ታቆማለች፤ እኔ እስከ ላቦራቶሪ ውጤቱ ድረስ ነው የምሄደው። ባለፈው ፋሲካ ሲመጣ ቀጠን ብሎ ነበር። ሥጋውን ሳይጨርስ ተነስቷል። ጂም ጀምሬ ነው አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ሥራ ቦታ የሰው ደም ግፊት እየለካሁ የሱን በሽታ ስቆጥር፣ አንዲት አሮጊት ታካሚዬ ክንዷን እንደያዝኩ መቅረቴን አይታ «ልሞት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚህ መሃል ሦስት ደሴቶች ላከልኝ፣ ከነፎቷቸው። አንደኛዋ የዱር ፈረሶች ያሉባት አሳቲግ ናት። ድልድይ አላት፣ መኪና ይገባባታል፣ ሽንት ቤት አላት። ሁለተኛዋ አንድ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ፣ ረግረግና ሳር መሃል ያለች ናት፤ ከዳርቻዋ ቆመው ሲያዩ ማዶ ያለው መንደር ይታያል። ሦስተኛዋ ባዶ አሸዋና ወፍ ነው። የሚጠጣውን ውሃ እንኳ ተሸክሞ ነው የሚገባው፤ ስልክ ቢያዝም አይሠራም። የሷን ስም አልጽፈውም፤ በየቤቱ የምንሰበሰብበት የጸሎት ኅብረታችን ሰዎች ካነበቡት በሚቀጥለው ክረምት በሦስት ቫን ይወርዱባታል።

ሌላ ሰው ደሴት ሲመርጥ ነፋሱንና ትንኙን ያያል። እኔ ያየሁት ኢመርጀንሲ ሩሙን ነው። ካርታውን ከፍቼ ከየደሴቱ እስከ ቅርቡ ሆስፒታል ያለውን መንገድ ለካሁ። እዚያ ወስዶ «ማም፣ አሞኛል» ቢለኝ፣ እዚያው ቢወድቅብኝስ፣ በምን አወጣዋለሁ? እየቀዘፍኩ?

«አሳቲግ» ብዬ ጻፍኩለት።

«ድልድይ አላት» ብሎ መለሰ።

«ለዚያ ነዋ የመረጥኳት!»

«በመኪና የምንገባ ከሆነ ካያኩ ምን ይሠራል?»

ሁለተኛዋን አልኩት። መንደሩ ይታያል፣ የስልክ ሲግናል አላት ብሎ አልወደዳትም። እንግዲያው ሁለት ሰው በሚይዘው ካያክ አብረን እንሁን አልኩት፤ ቢያንስ እጄ ይደርስበታል ብዬ ነው። «ኖ» አለኝ፤ «ለየብቻ ነው፤ ጎን ለጎን።» እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ፣ ሳልጨርሰው ብርጭቆውን አጥባለሁ፤ የታጠፈ ፎጣ ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ።

ጌይተርስበርግ የምትኖር የጸሎት ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። የምታረጋጋኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ከሥር መሠረቱ ነገርኳት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ስልክ አትያዢ ነው ያለሽ? እንጸልይ በቃ» አለችኝ። አንድም ቃል ሳትጠይቅ መጸለይ ጀመረች፤ በጸሎቷም ውስጥ «አጽናኙ ሆይ» የሚለውን ደጋገመችው። አሜን ሳልል ዘጋሁባት። የመኪና ቁልፌን አነሳሁና ወጣሁ።

እሁድ ከሰዓት ነበር። ማታ ሽፍት ነበረኝ፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ነው የነዳሁት። ልጄን ከአፓርታማው ጀርባ ካለው መኪና ማቆሚያ አገኘሁት፤ የውሃ ጎማ ይዞ አንድ ብርቱካንማ ካያክ ያጥባል።

«ማን ነው የሞተው?» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ግራንድማ ናት?»

«እሷማ ደህና ናት፣ በዓይኔ አይቻታለሁ!»

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

«አንተን እኮ ነው የምጠይቅህ!»

ጎማው የሁለታችንም ጫማ ላይ ውሃውን ያፈሳል።

«አሞሃል? እውነቱን ንገረኝ። ነርስ ነኝ፣ እችለዋለሁ።» ውሸቴን ነው፣ አልችለውም ነበር።

«አላመመኝም።»

«ከሥራ አስወጡህ?»

«ኖ።»

«ልጅ ወለድክ?»

«ማም! የምነግርሽ ምንም ነገር የለም። ናቲንግ።»

መደሰት ነበረብኝ። ግን ደሜ ፈላ። «ታዲያ ስልክ የለም፣ ሰው የለም፣ ድልድይ የለም ማለት ምንድነው? ሰው የገዛ እናቱን እንዲህ ያስጨንቃል? አያትህን ከእንቅልፏ አስቀስቅሻታለሁ! አባትህ ጋ ደውያለሁ!»

አባቱ ጋ መደወሌን ሲሰማ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደኝ ገባው። ሄዶ ውሃውን ዘጋ። ሲመለስ እኔን አላየኝም፣ ካያኩን ነው ያየው።

«ሥራ ቦታ ሰዎች ስለ እናቶቻቸው ሲያወሩ ያንቺን ፊት ላስበው ሞከርኩ» አለኝ። «የመጣልኝ ጀርባሽ ነው። ስቶቩ ጋ ጀርባሽ። ሲንኩ ጋ ጀርባሽ። ቁልፍ ይዘሽ በበሩ ስትወጪ ጀርባሽ። አይም ኖት ብሌሚንግ ዩ፣ አልወቅስሽም፤ ለኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሁለት ሰው የሚይዘው ካያክ ላይ አንቺ ነሽ ከፊት የምትሆኚው፤ ያው ጀርባሽን ነው የማየው። ድልድይ ካለ ደግሞ ትሄጃለሽ።»

«የት እሄዳለሁ?»

«አይ ዶንት ኖው። ከሥራ ይደውሉልሻል፣ ከቸርች ይደውሉልሻል፣ ትሄጃለሽ።»

ሞት ቢነግረኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ሰውም ይሰበሰብልኝ፣ አይዞሽ ይለኝ ነበር። ለዚህኛው ማን ይሰበሰባል? ደህና ልጅ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ሥራ አለው፤ የእናቱን ፊት ግን ማስታወስ አቃተው። አመመኝ። እንደ ቁስል አመመኝ።

ሰዓቱ ሄዶ ነበር። የማታው ሽፍት የሚረከበው ሰው አጥቶ ይጠብቀኛል። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ እሱም ቁልፉን አየው፤ ማየቱን አየሁ።

«ሦስተኛዋ» አልኩት። «ድልድይ የሌላት።»

«ሹር ነሽ? ሲግናል የላትም እኮ። ውሃውም—»

«ሦስተኛዋ አልኩህ!» ብዬ ጮህኩበት። ድምፄ ለምን እንደጮኸ አላውቅም። እሱ ግን ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው።

መኪናዬን ያቆምኩት ከማዶ ነው። ለመሄድ መዞር ነበረብኝ፣ መዞር ግን አልቻልኩም። ስለዚህ ወደ ኋላዬ መራመድ ጀመርኩ፤ በቆሙት መኪኖች መሃል፣ በእጄ ኋላዬን እየዳሰስኩ። ውሻ የያዙ አንዲት ነጭ ሴትዮ ቆመው አዩኝ። የሆነ መኪና መስታወት ክርኔን መታኝ።

«ማም፣ ምን እያደረግሽ ነው? ትወድቂያለሽ!»

«አንተ ዝም ብለህ እየኝ» አልኩት፤ እስከ መኪናዬ በር ድረስም ፊቴን ከሱ ሳላዞር ሄድኩ።