ትልቁ ቢጫ፣ ትንሹ ነጭ

ዓለምጸሃይ እጇን ሰደደችና የሱቁን መብራት አጠፋችው።

ባንኮኒው ላይ በነጭ ወረቀት እጥፋት ውስጥ የተቀመጡት ሁለት አልማዞች ወዲያው ደበዘዙ። ከመስታወቱ በታች ሲያብለጨልጩ የነበሩት ቀለበቶችና ሐብሎችም አብረው አመድ መሰሉ።

«እማማ፣ መብራቱ ራሱ በየቀኑ ይጠፋብን የለ፣ እርስዎ ደግሞ ያግዙታል?» አለ የሱቁ ባለቤት ሙኒር እየሳቀ።

«በዚህ መብራት ሥርማ እኔም ሙሽራ እመስላለሁ» አለች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ሙኒር ሳቁን ሳይጨርስ ከባንኮኒው ዞሮ ወጣና ተከተላት። የልጇ እጮኛ ሕብረትም ተከተለች። ሦስቱም መስኮቱ ሥር ቆሙ። ከታች በቸርችል ጎዳና አፋፍ ላይ ረዳቶች «ለገሃር! ለገሃር!» ይላሉ።

ሱቁ ድሮ መንገድ ዳር ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ሙኒር ሕንፃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ገባ። ዓለምጸሃይ ይህንንም አልወደደችውም። ወርቅ ቤት ደረጃ የሚያስወጣ ከሆነ ሲጭበረበሩም መሮጫ የለም።

ሙኒር በወረንጦ ሁለቱን ድንጋዮች ገለበጣቸው። ሹል ታቻቸው ወደ ላይ ሆነ።

«ከፊት ሲያዩት ሁሉም ያምራል» አለ። «ቀለሙ የሚታየው እንዲህ ተገልብጦ፣ ከጎን ነው። ይዩት።»

ጎንበስ ብላ አየች። ትልቁ የአተር ክክ ያህላል፤ ሙሉ አንድ ካራት ነው ብሏታል። ሎሚ ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል። ትንሹ ከምስር ጥቂት ይበልጣል፤ እሱ ግን ምንም ቀለም የለበትም። ወረቀቱ ላይ መኖሩም የሚታወቀው ጠርዙ ስለሚበራ ብቻ ነው።

«ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው» አለ ሙኒር። «በአንዱ ለመጠኑ ይከፍላሉ፣ በሌላው ለንጣቱ።»

«ላልታየ ነገር የሚከፍል ማነው?»

«እኔ ትንሹን ወድጄዋለሁ» አለች ሕብረት።

ዓለምጸሃይ ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ ይህን ስትል ድንጋዮቹን አላየችም። ያየችው ሙኒርን ነው።

ዓለምጸሃይ ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስቱን ዓመት ፒያሳ በአንድ ሲኒማ ቤት ትኬት ስትቆርጥ ኖራለች። የትኬት መስኮቱ ጠባብ ነበር፤ የሰው ፊት አይታይበትም፣ እጅ ብቻ ነው የሚገባው። ሐሰተኛ ብር የያዘ እጅ ብሩን ገፋ አድርጎ ቶሎ ይመለሳል። ከሰው ሚስት ጋር የመጣ እጅ ቀለበቱን አውልቆ ነው የሚገባው፣ ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ግን ነጣ ብሎ ይቀራል። ባሏ ገብረሕይወት ልብስ ሰፊ ነበር። «አንቺ እኮ መልአክ ቢመጣ ክንፉን ሳትስቢ አታስገቢውም» ይላት ነበር። እሱ ከሞተ ቆይቷል። እሷ አሁንም በእሪ በከንቱ፣ በዚያው ቤት ነው የምትኖረው። ዳቦ ስትገዛ መዝና ነው የምትቀበለው።

የዛሬው ጉዳይ የኪሮስ ነው። ኪሮስ አንድ ልጇ ነው፤ ከዚሁ ከቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ ባለ ቢሮ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ጥር ላይ ሕብረትን ያገባል። ድንጋዩን ኪሮስ ይገዛል፤ ወርቁን ዓለምጸሃይ ትሰጣለች ተባለ። ወርቁ ገብረሕይወት ለጥሎሽ ያመጣላት አምባር ነው። እሱ ይቀልጥና የሙሽራዋ ቀለበት ይሆናል። የገብረሕይወት እናትም ለእሷ እንደዚያው ነበር ያደረጉት። አምባሩን ዛሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛዋለች።

ኪሮስ አልመጣም። ሥራ በዛብኝ ብሏል። ቢሮው እኮ ከዚህ መስኮት ጣሪያው ይታያል። ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ በየደቂቃው ለእጮኛው አይደውልም፤ እሱ ግን ደረጃውን ሲወጡ ደወለ፣ ሱቅ ሲገቡም ደወለ። ሕብረት ሁለቴም «ቆይ፣ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችበት።

«ሙኒር ወደይ፣ አንተ ብትሆን የቱን ትወስዳለህ?» አለች ዓለምጸሃይ፤ በትግርኛዋ «ልጄ» ማለቷ ነው።

«በምን እንደሚታሰር ይወሰናል፣ እማማ። በቢጫ ወርቅ ከሆነ ዓይኔን ሳላሽ ትልቁን። ቢጫ ወርቅ ያቅፈዋል፣ የድንጋዩ ቢጫነት ከወርቁ የመጣ ይመስላል፤ ማንም አይለየውም። ነጩንም እዚያ ብንከተው ወርቁ መልኩን ይለውጥበታል። ለንጣቱ የከፈሉት ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው።»

«ትንሹስ የሚሆነው?»

«ለነጭ ወርቅ። እዚያ ትልቁን ካሰርነው ይጋለጣል፤ ቢጫነቱ ከሩቅ ይጮኻል።»

ዓለምጸሃይ ሁለቱን ድንጋዮች ደግማ አየች። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። ልጅቷ ትንሹን ድንጋይ አይደለም የመረጠችው። ትንሹን ስትመርጥ ነጭ ወርቅ መረጠች። ነጭ ወርቅ ስትመርጥ አምባሩን አልፈልግም አለች።

«ነጭ ወርቅ» አለች ቃሉን እያላመጠች። «በእኛ ጊዜ ወርቅ ሲነጣ ምን እንደተቀላቀለበት እንጠይቅ ነበር።»

«አሁን ፋሽን ነው፣ እማማ» አለች ሕብረት።

«አንቺ ፋሽን ትወጃለሽ? አስተማሪ አይደለሽ እንዴ፤ ከሁለት ቀሚስ ሌላ ለብሰሽ አይቼ አላውቅም።»

ሕብረት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «አምባሩ የጋሼ ገብረሕይወት መታሰቢያ ነው። ያሳዝነኛል ሲቀልጥ። እርስዎ ጋ ይቀመጥ።»

ትንሽ ነገር የምትመርጥ ሙሽራ ዓለምጸሃይ አይታ አታውቅም። በዚያ መስኮት ስንት የሙሽራ እጅ ገብቷል፤ ሁሉም ቀለበቱን ወደ ላይ አድርጎ ነበር የሚገባው። ታዲያ ይቺ ምን ሆና ነው? ቤተሰቦቿ ጴንጤ ናቸው፤ አባቷ አቶ በፍቃዱ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። የኦርቶዶክስ ቤት ወርቅ አይነካንም ብለው ይሆን? ወይስ ነጩ ድንጋይ ውጭ አገር ቶሎ ይሸጣል ብሎ የነገራት አለ? ከአማቷ ወርቅ ጋር ያልተጣበቀ ቀለበት በማንኛውም ቀን አውልቀው የሚሄዱበት ቀለበት ነው።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ባንኮኒው ተመለሰች። መብራቱን አበራችው።

«ትልቁን እንወስዳለን» አለች። «በቢጫ ወርቅ። ዛሬውኑ አቅልጠው፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

የነጠላዋን ጫፍ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ሲላላ ሕብረት እጇን አምባሩ ላይ ጫነች።

«እማማ፣ እባክዎ። ሌላ ቀን።»

ዓለምጸሃይ የልጅቷን እጅ አየችው። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፤ አምባሩን ሊነጥቁ የመጡ አይደሉም፣ ሊሸፍኑት እንጂ። እንዲህ ያለ እጅ ታውቃለች፤ የተቀደደ ትኬት በአውራ ጣቱ ሸፍኖ የሚያቀርብ ሰው እጅ ነው።

«እጅሽን አንሺ» አለቻት።

አነሳችው።

ፒያሳ ወርቅ የሚያስቀልጥ ሰው አብሮ ይቀመጣል። ይህን ለማንም ማስተማር አያስፈልግም። ወርቁ ከመዳፍ ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ ማቅለጫው፣ ከማቅለጫው ወደ እሳት እስኪገባ ባለቤቱ ዓይኑን አይነቅልም። ስልክ ቢጠራ አያነሳም፤ ሻይ ቢቀርብለት ይቀዘቅዛል። አንጥረኛውም አይቀየምም፤ እሱም የሌላ ሰው ወርቅ ሲያስቀልጥ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ዓለምጸሃይ በርጩማዋን ባንኮኒው ድረስ ሳበችና አምባሩን በሙኒር መዳፍ ላይ አኖረችው።

ሙኒር መዳፉን ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቆመ። ሕብረትን አያት፣ ቶሎም ዓይኑን መለሰ።

«የድሮ ሥራ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ጥልፍ ዛሬ የሚሠራ የለም። እሳት ውስጥ መክተት ግፍ ነው፣ እማማ።»

«አንተም?»

«ደግሞ ዛሬ ጋዝ አልቆብኛል።»

ከጀርባው ካለው ክፍል የጋዙ እሳት ሲነፋ ይሰማል። ሦስቱም ሰሙት።

«ሙኒር» አለች፣ ወደይ ሳትል። «ፈትነው።»

ጥቁሩን መፈተኛ ድንጋይ አወጣ። አምባሩን በጠርዙ በኩል በስሱ አሸበት። ቢጫ መስመር ቀረ። በመስመሩ ላይ አሲድ ጠብ አደረገ። መስመሩ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ቢጫ እንደሆነ ቆየ።

«ይኸው ወርቅ ነው» አለና አምባሩን መልሶ ሊሰጣት እጁን ዘረጋ። ሕብረት ስትተነፍስ ተሰማ።

ዓለምጸሃይ አልተቀበለችም። ፈጠነባት። ቶሎ የሚመለስ እጅ ታውቃለች።

«በውጭ በኩል ነው የፈተንከው» አለች። «በውስጥ በኩል ሞርደውና ፈትነው።»

«እማማ፣ ምን ያደርግልዎታል…»

«ሞርደው አልኩህ።»

ሙኒር ሞረዱን አነሳ። አንዴ፣ ሁለቴ ጎተተው። ቢጫው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፈፈና ከሥሩ ነጭ ብረት ወጣ። መፈተን አላስፈለገም፤ ግን ስለታዘዘ ፈተነው። መስመሩ አሲዱ ሲነካው እንደ ወተት ነጣና ጠፋ።

«እጅህ ከገባ በኋላ ለውጠኸው ነው!» አለች ዓለምጸሃይ ከበርጩማዋ ብድግ ብላ። ወዲያው ግን ተቀመጠች። በእጁ ከገባ ወዲህ ዓይኗን ከአምባሩ አልነቀለችም። ሙኒርን ያዳነችው ራሷ ናት።

ወደ ሕብረት ዞረች።  ባንኮኒው ላይ ያለው የልጅቷ ስልክ ጠራ። ኪሮስ ነው። ሕብረት ሳትቀድማት ዓለምጸሃይ አነሳችው፤ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

«ሕብዬ፣ ምነው ዘጋሽብኝ? ነጩን ተቀበለች?» አለ ልጇ። «አምባሩን አላስቀለጠችውም አይደል?»

«አላስቀለጥኩትም» አለች ዓለምጸሃይ። «ና፣ ሚስትህ ድንጋይ እየመረጠች ነው።»

ዘጋችው።  ሙኒር ወደ ኋላ ክፍል ሄዶ ጋዙን አጠፋ።

ዓለምጸሃይ ኪሮስ እስኪመጣ አምባሩን እያገላበጠች ታስባለች። እህቷን ልትጠይቅ መቀሌ እንደሄደች ነበር ጦርነቱ የመጣው፤ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም ተቋረጠ። ወደ አዲስ አበባ የተመለሰችው ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ከአውሮፕላን ወርዳ ቤት እንደገባች፣ ፊቷን ሳትታጠብ የገብረሕይወትን የስፌት መኪና መሳቢያ ከፈተች። አምባሩ ከቦታው ነበር። እንዲያውም ከምታስታውሰው በላይ አብለጨለጨባት። ቤት የናፈቀ ዓይን ነው ብላ አለፈችው። ሁሉን ነገር ሁለቴ የምትፈትን ሴት ያን ቀን አንዴ ብቻ አየች። ቤቱን ሲጠብቅ የኖረው ልጇ ነበራ።

ኪሮስ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ለምን?» አለችው።

«አንቺን ለማስወጣት ነው፣ አደይ።» ትንፋሹ ይቆራረጣል። «በሕይወት መኖርሽንም አላውቅም ነበር። አንድ ደላላ በአፋር በኩል አወጣታለሁ አለኝ። ሸጬ ሰጠሁት። ከዚያ ስልኩን ዘጋ።»

«ስሙ ማነው?»

«የነገረኝ ስም የራሱ አይመስለኝም።»

«የት ተገናኛችሁ?»

«ጊዮርጊስ ጋ፣ ካፌ ውስጥ።»

«ሰው ነበር?»

«ማንም አልነበረም።»

«ይሄንንስ ማን ሠራው?» አለች አምባሩን ወደ ላይ አንስታ።

«ልትመጪ ነው ሲሉኝ… መሳቢያውን እንደምትከፍቺ አውቃለሁ። አምባሩን ባደረግሽበት ፎቶ አስመስዬ መርካቶ አሠራሁት። ብር ነው፣ ወርቅ የተቀባ።»

«ለእኔም የነገረኝ እንደዚሁ ነው፣ እማማ» አለች ሕብረት። «ለእናትህ ንገራቸው ብዬ ስንት ጊዜ ተጣላን።»

ዓለምጸሃይ የልጇን እጆች አየች። ይንቀጠቀጣሉ። የሚዋሽም ይንቀጠቀጣል፣ ደረጃ የሮጠም ይንቀጠቀጣል።

«ሙኒር» አለች፣ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል። «ለዚህስ አሲድ አለህ?»

«የለኝም፣ እማማ።»

አምባሩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ መልሳ ቋጠረችው። የድንጋዮቹን ወረቀት ወደ ሕብረት ገፋችላት።

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ። አምባር የሚባል ነገር ባይኖር የትኛውን ትመርጪ ነበር?»

ሕብረት ኪሮስን አየች፣ ከዚያ ድንጋዮቹን። ድንጋዮቹን በደንብ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ትልቁን» አለች።

ሙኒር ሳቁ አመለጠው፤ በእጁ አፈነው።

«ትልቁን እሰረው» አለችው ዓለምጸሃይ። «በቢጫ ወርቅ። ወርቁን ኪሮስ ይገዛል። ሲቀልጥም እዚህ ቁጭ ብሎ ያያል።»

መብራቱን በድጋሚ አጥፍታ ደረጃውን ብቻዋን ወረደች።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ዓለምጸሃይ አምባሩን አጥልቃ ሄደች። የሕብረት አክስቶች ክብደቱን ሲጠይቋት የድሮውን የወርቅ አምባር ክብደት ነገረቻቸው።