የአክስቴ ሳጥንና የሐጂ መስኮት

አክስቴ የምታምነው ሰው አልነበራትም። ገበያ ወጥታ ጨው ስትገዛ አሞሌውን በጥፍሯ ትፍቀዋለች፣ በጣቷ ታንኳኳዋለች፣ ከዚያ ሻጩን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ታየዋለች። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለወግ ያህል ይናገረዋል፤ እሷ ግን ገንፎ ሲቀርብላት የምሯን በማንኪያ እያገላበጠች ስንጥሩን ትፈልገው ነበር። አንድ ቀን አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ማን ይቻላት።

ባሕር ተሻግራ ኢየሩሳሌም ልትሄድ የተነሣችው እንግዲህ ይህችው ሴት ናት። መጻፍ እጄ ላይ ከተፍታታልኝ ወዲህ ብዙ ነገር ጽፌአለሁ፤ ይህን ሳስብ ግን ብዕሩ ቀድሞኝ ይሮጣል።

የመሄዷ ነገር ቀልድ አልነበረም። በጠላት ጊዜ አባቴ ታስሮ ነበር፤ እሷም «ወንድሜን በሕይወት ብታወጣልኝ መቃብርህን መጥቼ እሳለማለሁ» ብላ ተሳለች። አባቴ ወጣ። ጣሊያን ተባሮ፣ እሱም የመንግሥት ጸሐፊ ሆኖ ከሸዋ ወደ መቀሌ ሲዛወር አክስቴ ተከትላን መጣች፤ «እዚህስ ለምጽዋ ቀርቤያለሁ» አለች። ያልተከፈለ ስእለት በተሳሉለት ሰው ላይ ይመለሳል ብላ ታምናለች። ስለዚህ አባቴ ባስነጠሰ ቁጥር ደንግጣ ታየው ነበር። በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም ልትነሣ ቆረጠች።

ችግሩ፣ በሰፈራችን መርከብ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሁሉ አብልጣ ትጠረጥረዋለች።

ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ከወሎ መጥተው መቀሌ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ከምጽዋ በመርከብ ጅዳ፣ ከጅዳ መካ ደርሰው የተመለሱ ሽማግሌ። የቤታቸው መስኮት በእኛ ግቢ ላይ ይከፈታል። አክስቴ «ይህ ሰውዬ ድስታችንን ሊቆጥር ነው» ብላ በመስኮቱ ፊት ሁለት እንጨት አስተክላ ትልቅ ጆንያ ወጥራበት ነበር። ሐጂ ስለ ጆንያው አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ዝም ማለታቸውም አስጠረጠራት።

አባቴ ስለ መንገዱ እሳቸውን አማክሮ ሲመጣ ተቆጣች።

«ወደ መካ የሚሄድ መርከብና ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ መርከብ አንድ ነው?»

«ባሕሩ አንድ ነው፣ እትዬ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ ከሱቅ ሲመለሱ፣ ወደ ማታ ገደማ፣ መስኮታቸውን ይከፍታሉ። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታ ምስር ትለቅማለች። ከጆንያው በስተጀርባ ድምፅ ይመጣል፤ እሷ እንዳልሰማች ትሆናለች፤ እኔ መሐል ቆሜ የተባለውን እደግምላታለሁ፤ እሷም መልሱን ለእኔ ትናገራለች፣ ጆንያው እንዲሰማ አድርጋ። ያን ሰዓት እንደ ሰርግ ነበር የምጠብቀው።

መጀመሪያ የሳጥን ነገር መጣ። ሐጂ ሳጥን አይያዝ አሉ። ሳጥን በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ መርከቡ ሆድ ይወርዳል፣ ስዌዝ እስኪደረስም አይወጣም፤ ባለቤቱ ከላይ ሆኖ ብርድ ሲመታው ጋቢው ታች ተቆልፎበታል። ለስላሳ አቁማዳ ይሻላል፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ ትራስ ነው። የሁሉም አቁማዳ ስለሚመሳሰል ደግሞ አፉ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበት፤ ከሩቅ ይለያል። አክስቴ ቀና አላለችም።

«ሳጥኔን ትቼ ብሄድ ማን ሊከፍተው ነው?» አለች ለምስሩ። «ቀይ ክር ደግሞ የጠንቋይ ነው።»

በማግስቱ የመቀመጫ ነገር ሆነ። ቀድሞ ተሳፍሮ መሐል ላይ፣ ጥላ ያለበትን ቦታ መያዝ ነው አሉ። ከጠርዙ ማዕበል ይረጫል፤ ከጭስ ማውጫው ሥር የተቀመጠ ደግሞ ነፋሱ ጥቀርሻውን ይደፋበታል። አክስቴ ይህን ስትሰማ ደህናው ቦታ ጭስ ማውጫው ሥር እንደሆነ ገባኝ አለች፤ ለራሱ ሰዎች ሊያስቀረው ነው። ሐጂ ምጽዋ ሙቀቱ ሰው ይጥላልና አሥመራ ሰንብተው፣ የመርከቡ ወሬ ሲሰማ በባቡር ይውረዱ ሲሉ፣ አሥመራ ቤት የሚያከራይ ዘመድ እንዳላቸው ደረሰችበት። ለማቅለሽለሹ ዝንጅብል ያኝኩ፣ ከሥር ያለውን ውሃ ትተው ሩቁን ይመልከቱ፣ ጾምዎን ሲፈቱም በሶውን በትንሽ በትንሹ ይጠጡ ሲሉ ግን ምስሩን መልቀም አቆመች።

«ጾሜን የምፈታበትን ሰዓት ያውቀዋል። አላልኳችሁም? ይቆጥራል።»

ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ይጋባል። አንድ ማለዳ አክስቴ ሳጥኗን ፀሐይ ልታሰጣ ግቢ አውጥታው ሳለ፣ በጆንያው ቀዳዳ በኩል የሐጂ ዓይን ሳጥኑ ላይ ተተክሎ አየሁ። ደግሞም መቼ ነው የምትነሣው እያሉ አባቴን መላልሰው ይጠይቁታል። ሁለቱን ነገር ገጣጥሜ ሮጬ ነገርኋት። ራሴን ዳሰሰችና «አንቺ ልጅ ሰው ሆንሽ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

መነሻዋ ሲቃረብ፣ ስንቁ ሁሉ ተሰናድቶ ዳቦ ቆሎው ከተቋጠረ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ መስኮቱ ተከፈተ። በዚያን ቀን ድምፁ ወደ እኔ አልነበረም።

«እሜቴ፣ መግነዣዎን ግን ከሳጥኑ ያውጡት» አሉ ሐጂ። «ከሰውነትዎ አይለዩት።»

አክስቴ ተነሥታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። እኔም ተከትዬ ገብቼ ነበርና ክንዴን ይዛ ማን ነገረው አለችኝ። እኔ ምኑንም አላውቅም። ለካ ነጭ መግነዣ ጨርቅ ገዝታ፣ ሐጂ ሱቅ ሳይሆን ገበያው ዳር ከማታውቀው ሻጭ ገዝታ፣ ሳጥኑ ግርጌ ከሁሉ በታች ደብቃዋለች። ዮርዳኖስ ነክራ፣ ከጌታ መቃብር አስነክታ ልትመልሰውና ስትሞት ልትገነዝበት ነው። ለአባቴ እንኳ አልተናገረችም፤ ይደነግጣል ብላ።

«መንገደኛ ሲነሣ መግነዣ የሚያነሣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችው አባቴን። «ሟርት ነው። ባሕሩ ላይ እንድቀር ነው። አልሄድም።»

ዳቦ ቆሎውን ከቋጠሮው ፈትታ ወደ ሌማት ገለበጠችው። አባቴ በሟርት አላምንም አለ፤ ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም አለ። ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እሷ ካልሄደች ስእለቱ በማን አንገት ላይ እንደሚቀር ሁለቱም ያውቁታል። ቆይታ ቆይታ አክስቴ ራሷ «እግዜር ይቅር ይለኝ፣ ወንድሜ» ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ጥርጣሬዋን ከዚያ በፊት እንደ ጨዋታ ነበር የምቆጥረው፤ ያን ዕለት ግን ሰው ሊገድል የሚችል መሰለኝ።

ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ሐጂ ነበሩ፤ ግቢያችንን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። አባቴ ይሆን ከጓሮ ሄዶ የነገራቸው፣ ወይስ በጆንያው በኩል ልቅሶው ተሰምቷቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በብብታቸው ጥቅልል ይዘዋል። ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉና ጥቅልሉን ጭናቸው ላይ ፈቱት። ነጭ ጨርቅ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ግን ቡናማ ዝገት እንደ ካርታ ተሥሎበታል።

«ይሄ የኔ ከፈን ነው» አሉ። «ስሞት የምጠቀለልበት።»

አክስቴ ከቤት ሳትወጣ በበሩ ክፍተት ታያለች።

ሲሄዱ እሳቸውም ሳጥን ይዘው እንደነበር ተናገሩ። በመርከቡ ሆድ የባሕር ውሃ ገብቶ ሳጥኑ ሥር ተኝቶ ከረመ፤ የሳጥኑ ብረት ዛገ፤ ዝገቱ ጨርቁን በላው። መካ ደርሰው በዘምዘም ውሃ አጠቡት፣ መላልሰው አጠቡት፣ አልለቀቀም።

«እኔስ እንግዲህ ጌታዬ ፊት በዚሁ ነው የምቀርበው። እርስዎ ግን ለምን?»

«እኔ መያዜን ማን ነገረዎ?» አለች አክስቴ ከውስጥ። በቀጥታ ስታነጋግራቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ማን ይነግረኛል፣ እሜቴ? ማነው ሳይዝ የሚሄድ? ምጽዋ መርከብ ስንጠብቅ የእናንተ ሰዎች ከጎናችን ያድሩ ነበር። እኛ ለዘምዘም ይዘናል፣ እነሱ ለዮርዳኖስ ይዘዋል። ያን ሳጥን ፀሐይ ላይ ሳየው ጊዜ ልቤ ፈራ። እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ ቀኑን ስቆጥር ከረምኩ።»

እኔ ወደ መሬት አየሁ።

አክስቴ ወጣች። ጨርቁን ተቀብላ እንደ አሞሌው በጥፍሯ ፋቀችው፣ አሸተተችው፣ ወደ ብርሃን አነሣችው።

«ይሄ በሎሚ ይለቃል» አለች።

«አይለቅም። ሞክሬዋለሁ።»

«በየትኛው ሎሚ?»

አባቴ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ተገለበጠ። ልብሱ አቁማዳ ውስጥ ገባ፣ አፉ ላይ ቀይ ክር ታሰረ፤ ክሩን ከሐጂ ሱቅ አላመጣችም፣ ከራሷ ቀሚስ ጥልፍ መዘዘችው። መግነዣዋን በወገቧ ዙሪያ ጠምጥማ መቀነቷን በላዩ አጠበቀች። ባዶውን ሳጥን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ባዶ ነው እኮ እትዬ፣ ብላት፣ ታዲያ እንደ ባዶነቱ ጠብቂው አለችኝ። ገበያው ዳር ማኪናው ላይ ስትወጣ የሹፌሩ ረዳት «አደይ፣ እናቴ፣ ዕቃሽ ይህች ብቻ ናት?» ብሎ ጠየቃት። ሌላ ዕቃ መኖር አለመኖሩን ለምን ማወቅ እንደፈለገ ጠየቀችው።

የተመለሰችው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ ደስ ብሏታል። ማታ ቤት ሞልቶ ስታወራ እንደሰማነው፣ መርከቡ ላይ እንደወጣች ቀጥ ብላ የሄደችው ጭስ ማውጫው ሥር ነው። ለምን ሲሏት፣ ለማረጋገጥ አለች። ጠዋት የብረት ምጣድ መስላ ተነሣች። ከዚያ አቁማዳዋን ጎትታ መሐል ላይ ሰው አስጠግታ ተቀመጠች፤ ዝንጅብሏንም አኘከች፤ ሩቁንም አየች። ስዌዝ ላይ ሳጥናቸው ታች የቀረባቸው ሴቶች በብርድና በጥበቃ ሲንገላቱ እሷ አቁማዳዋን በቀይ ክሩ ለይታ ቀድማ ወረደች።

ግን ይህን ሁሉ ከማውራቷ በፊት፣ ከማኪናው ወርዳ ቤት እንደገባች፣ መጀመሪያ ሳጥኑን ከፍታ ባዶነቱን አየች። ቀጥሎ አባቴን አገላብጣ ስማ ትኩር ብላ አየችው፤ ደህና ነው። ሦስተኛ ግቢ ወጥታ ጆንያውን ከእንጨቱ አወረደችው።

«ለእህል ያስፈልገኛል» አለች።

ቤታችን የሚሰፈር እህል አልነበረም። ይህን ልናገር ስል አባቴ እጄን ጨበጠኝ።

ማታ ሐጂ መስኮታቸውን ሲከፍቱ ጆንያ የለም። ግቢው ወለል ብሎ ታያቸው፤ ድስቱም፣ ሰፌዱም፣ እኛም። ሽማግሌው ለጊዜው መስኮቱን መልሰው ሊዘጉ እጃቸውን ሰደዱ፤ ከዚያ ተዉት።

«እሜቴ፣ እንኳን በሰላም መጡ። መግነዣው ደርቆ መጣ?» አሉ።

አክስቴ መቀነቷን ዳሰሰች። ምስሩን እየለቀመች ነበር፤ በርጩማዋን ግን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የተቀመጠችው።

«በዮርዳኖስ እንጂ በባሕር አልረጠበም» አለቻቸው።