አትጻፉን

ጎንደር በምኖርበት ፎቅ ታች ካለው ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ሽታው በደረጃው እየወጣ በቤቴ በር ስር ይገባል፤ የሌላውን ሰው ምራቅ የሚያስውጥ ሽታ እኔን ያስደነግጠኛል። አርባውን ካለፍኩ ቆየሁ፤ ቢሆንም ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ሰው በር ሊመታ ነው ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ።

አባቴ ደባርቅ ውስጥ ተራራውን ለሚያዩ የውጭ እንግዶች ምግብ አብሳይ ስለነበር ሰፈሩ እኛን ካላቸው ሰዎች ይቆጥረን ነበር። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ የስፖንጅ ፍራሽ አለን፤ እኔም አንዲት እንግዳ የተወችልንን፣ ጉልበቴን አልፎ የሚወርድ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሼ ስወጣ የሚራመድ ድንኳን እመስል ነበር። እንግዶቹ መምጣት ባቆሙበት ዓመት አባቴ በዛሪማ በኩል ሰሊጥ ሊያርም ወደ ቆላ ወረደ፤ ነሐሴ ገብቶም ወሬው አልመጣም። እናቴ ጎረቤቱ ምሳ በሚሠራበት ሰዓት አንድ ራስ ሽንኩርት ታቁላላና በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። ሽታው ለሰፈሩ፣ ቆሎው ለእኛ።

ከዳባት ታላቅ እህቴን የሺን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡት ጾሙ ሲፈታ ነበር። የእርዳታ ስንዴ የሚሰጣቸውን ችግረኞች የሚመዘግቡ ሰዎች በየቤቱ መዞር ሲጀምሩ እናቴ ጨነቃት። «መጻፋችን ከተሰማ እነዚያ ሰዎች ይቀራሉ» አለችን፤ ከዚያ በኋላ ጉሙ ውስጥ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ከፍራሹ ጥግ እየገባሁ እደበቅ ጀመር።

አንድ ረፋድ ላይ መጡ። ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ጎረቤታችን እትዬ ብርቄም ነበሩ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ትናንት ምን በላችሁ፣ የኔ ልጅ?» አለኝ። እናቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ካወቅሁት ምግብ ሁሉ ትልቁን ፈልጌ፣ «ዶሮ» አልኩ።

ፍልሰታ ነበር። ሕፃን እንኳ የሚጾመው ጾም።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው «ልጅቱ ርቧታል፤ ጻፏቸው» አሉ።

«እባካችሁ አትጻፉን» አለች እናቴ። «እኛ ደህና ነን፤ ለባሰበት ስጡ።»

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየና ደብተሩን አጠፈ። እናቴ አልመታችኝም፤ ጃኬቴን ቆልፋልኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያ ከዱላ ይልቅ አስፈራኝ። ከዚያ እስከ እሸት ድረስ የሺ የድርሻዋን ቆሎ ጠግቤያለሁ እያለች ወደ እኔ እጅ ታዞር ነበር።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ነገሩ አለቀ። አባቴ በጥቅምት በጭነት መኪና ላይ ተኝቶ ተመለሰ፤ ወባ በልቶት ስለነበር ከዚያ ወዲህ ተራራ አልወጣም። የሺ በጥር ተዳረች፤ የአስረኛ ክፍል ትምህርቷ ከመንፈቁ ላይ ቀረ።

ለመልስ ስትመጣ እናቴን ጓዳ አስገብታ «እማ፣ አማቾቼ ራሳቸው ተጽፈው ነበር» አለቻት። «የሚበሉት የእርዳታ ስንዴ ነው።» እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ ሰው እስኪጠራት ድረስ እዚያው ቆመች።

ባለፈው ዳባት ስሄድ የሺ የመጨረሻ ልጇን ሂሳብ ስታስጠና አገኘኋት፤ ልጅቱን ያስቸገራትን ክፍልፋይ በሁለት ቃል ስትፈታው ገርሞኝ አየሁ። ልጅቱም ገርሟት «እማዬ፣ አስተማሪ ለምን አልሆንሽም?» አለቻት። የሺ አየችኝ። እኔም መልሱን እያወቅሁ ደብተሩ ላይ አቀረቀርኩ።