የወለሉ ቀዳዳ

ታናሽ ወንድሜ በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ሆሳዕና መናኸሪያ ነኝ። መጥተሽ ውሰጂኝ" አለኝ።

ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

እኔ ሺንሺቾ ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አትሂድ ብዬ ለምኜው ነበር፤ ከደላላው ጋር የተነጋገረው ግን እኔ ሳላውቅ ነው።

መናኸሪያ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጠገቡ አልፌ ሳላውቀው ቀረሁ። ሻይ ቤቱ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ መስሎኝ ነው። "እህቴ" ሲለኝ ዞርኩ። አንገቱ ከመቅጠኑ የተነሳ ጭንቅላቱን መሸከም ያቃተው ይመስል ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው።

ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ በሩን ሲዘጋው ወንድሜ "ክፈቱት!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ወረድን። ባጃጅ እየቀያየርን፣ በየመንገዱ እያረፍን፣ ሺንሺቾ የደረስነው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በብርዱም በዝናቡም በረንዳ ላይ ይተኛል።

ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልነገረኝም። አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ግን ራሱ ጀመረው።

ደላሎቹ ብዙ ሰው ኮንቴይነር ውስጥ ጭነው ከውጭ ቆልፈውባቸዋል። ቀን ቀን ብረቱ እጅ አያስነካም። ጎህ ሲቀድ የትንፋሻቸው እንፋሎት ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል፤ ያን በሸሚዛቸው ጠርገው ይመጥጡታል። ወለሉ ላይ ዝገት የበላው፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበር። አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ አፉን እዚያ ላይ ይደፋል፤ ሌላው እስከ ሃምሳ ይቆጥራል፤ ከዚያ ተራ ይለቃል። በመጨረሻ ፖሊስ በሩን ከፍቶ የተረፉትን አሰራቸው፤ ከወራት በኋላ ወደ አገር መለሷቸው። ኮንቴይነሩ ውስጥ ከጎኑ የነበረው መንገድ ላይ የተዋወቀው የዳምቦያ ልጅ ነው። በከምባትኛ ያወራሉ፤ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ይለብሳሉ።

"እሱ እዚያው ሞተ። እናቱ አልሰሙም" አለኝ።

"እንግዲያው ሄደን እንንገራቸው" አልኩት።

ዳምቦያ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። እናቱ ቅቤ ሻጭ ናቸው። ሰው መሀል እንዳይሰሙት ብለን ገበያው እስኪበተን ጠብቀን ቤታቸው ድረስ ተከተልናቸው። ሰሌን አነጠፉልን። ወንድሜን አይተው ገና ሳይናገር ገባቸው መሰለኝ፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ተሰቃየብኝ?" ሲሉ በከምባትኛ ጠየቁት።

"አልተሰቃየም፣ እናቴ። ተኝቶ ነው የሄደው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ከዚያ ነው የጮኹት። ጎረቤት ተሰበሰበ። የሚታጠብ፣ የሚገነዝ አስከሬን የለም፤ ሰው እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ ዝም ብሎ ግቢው ውስጥ ቆመ። እሳቸው የወንድሜን ራስ እቅፋቸው ውስጥ አስገብተው፣ "አንተንስ ስላተረፈህ ተመስገን" ይሉ ነበር።

ስንመለስ ወንድሜ መንገድ ላይ ባጃጁን አስቁሞ ወረደ። ሾፌሩ እንዳይሰማን ወደ ዳር ወሰድኩት።

"ተራው የሱ ነበር" አለኝ። "ሃምሳ ሲሞላ መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። እግሬን ይጎትተኝ ነበር። በኋላ መጎተቱን ተወ።"

የማውቀውን ነገርኩት። ኦክስጅን ሲያጥር አእምሮ በትክክል እንደማያስብ፣ አካል ራሱን ለማትረፍ ሲል ብቻውን እንደሚሠራ፣ እሱ መርጦ እንዳላደረገው።

"ቲቸር አትሁኚብኝ" አለኝ።

በዚያ ዓመት ሕያዋን ነገሮች በረሃ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ የሚያወራው ምዕራፍ ደረሰ። ሌላ ጊዜ እወደው ነበር። ግመሉን፣ ቁልቋሉን ካስረዳሁ በኋላ ተማሪዎቹን ወደ አጥሩ ወስጄ እንሰት አሳያቸው ነበር፤ ዝናብ ሲቀር የውጭ ቅጠሉን አድርቆ ሥሩን እንዴት እንደሚያቆይ። ያን ጊዜ ግን ከመጽሐፉ ላይ አንብቤ ጨረስኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። አላየኋትም ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁ።

ወንድሜ አሁን ማሳችን ላይ ይሠራል። ሥጋው ተመልሶለታል። በየሁለት ሳምንቱ ዳምቦያ ይሄዳል፤ የሴትየዋን አጥር አጥሮላቸዋል፣ የጣሪያቸውን ቆርቆሮ ቀይሮላቸዋል። "ልጄ" ነው የሚሉት። እሱ ግን ቤታቸው ገብቶ እህል ቀምሶ አያውቅም።

በቅርቡ እሱ ማሳ ላይ ሳለ ሴትየዋ ራሳቸው መጡብኝ። ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። ገና እንደተቀመጡ፣

"ልጁ ዓይኔን አያይም" አሉኝ። "ስጠራው ይደነግጣል። ምን አስቀይሜው ይሆን?"

ልነግራቸው ፈለግኩ፤ እውነቴን ነው። በከምባትኛ የመጀመሪያዋን ቃል ሁሉ አስቤያት ነበር።

"የመንገዱ ድካም ነው፣ እናቴ። እየቆየ ይተወዋል" አልኳቸው።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ካልሽ ይሁን" ብለው ቅቤውን ዘረጉልኝ።

በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።